ሁለተኛውን ፍሉት ስትገዙ

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ባንድ ፍሉት ለሚጫወቱ ወላጆች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ልጆቹም ከፊት ተቀምጣችሁ ሳይ ደስ ብሎኛል። የምናወራው ስለ እናንተ መሣሪያ ነው፤ ውሳኔውም ያለ እናንተ አይሆንም።

ወላጆች፣ አብዛኞቻችሁን እዚህ ያመጣችሁ ነገር ተመሳሳይ ነው። ልጃችሁ አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል ላይ ባንድ ገባች። ፍሉት ተከራያችሁ ወይም ገዛችሁ። ሦስት አራት ዓመት አለፈ። አሁን አስተማሪዋ "ስቴፕ አፕ ያስፈልጋታል" አለች፤ ከጀማሪው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ፍሉት ማለቷ ነው። ኢንተርኔት ከፈታችሁ። አንዱ 900 ዶላር፣ አንዱ 2,500፣ አንዱ 12,000 ይላል። በፎቶ ሲታዩ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ዓይን አዋጅ ሆነባችሁ።

እኔ ፍሉት አስተምራለሁ። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል፤ ገንዘባችሁን የፍሉቱ ራስ ላይ አውሉት። ፍሉት ሦስት ቁራጭ ነው፤ ራስ፣ አካልና እግር። ራስ የምለው ልጃችሁ ከንፈሯን የምታሳርፍበትን ነው። ሻጩ ስለ ሌላው ብዙ ያወራችኋል። ምን ማለቴ እንደሆነ ቀስ እያልኩ አስረዳለሁ።

ወደ ግዢው ከመግባታችን በፊት ግን ቤት ያለውን ፍሉት እንፈትሽ። ይሄን የምለው ለወግ አይደለም። "አልበቃትም" የተባለ ፍሉት አንዳንዴ የሚያስፈልገው ጥገና ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ፓድ የሚባል ለስላሳ ነገር አለ። ውስጡ ፌልት ነው፤ ላዩ በስስ ነገር ተሸፍኗል። ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋው እሱ ነው። በጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ይቀደዳል፣ ይጣመማል። የፀጉር ያህል ክፍተት ከተፈጠረ አየር ይሾልካል። አየር ከሾለከ ደግሞ የታችኛው ድምፅ ይጠፋል።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ይሄን ሞክሩ። ልጃችሁ የታችኛውን ሲ በቀስታ ትንፋ። ኖታዎቹን ልጆቹ እንደሚጠሩት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምጠራቸው፤ ሲ ስል ዶ ማለቴ ነው። እናንተ ድምፁን ተዉትና ጣቶቿን እዩ። ጥፍሮቿ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ቁልፉን የምትጫን ከሆነ ፍሉቱ አየር ያስወጣል ማለት ነው። ልጅቷ ሳታውቀው በጉልበት ስትደፍነው ኖራለች። ጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ፍሉት ጣት ሲያርፍበት ብቻ ይዘጋል። ጉልበት አይፈልግም።

ስለዚህ መጀመሪያ የእንጨት ንፋስ መሣሪያ (ፍሉትም ብረት ቢሆንም ከነዚህ ይመደባል) ለሚጠግን ባለሙያ ስጡት። ያጸዳዋል፣ ዘይት ይቀባዋል፣ ያስተካክለዋል። ይሄ በዓመት አንዴ መደረግ ያለበት ነገር ነው። ዋጋው ከቦታ ቦታ ቢለያይም ከአዲስ ፍሉት ጋር አይወዳደርም። ከጥገና ሲመለስ ልጅቷ "ይሄ የኔ ነው?" ብላ ከተገረመች ግዢውን ማቆየት ትችላላችሁ።

ታዲያ መቼ ነው የሚገዛው? ፍሉቱ ደህና ሆኖ ሳለ ልጅቷ ስትበልጠው ነው። በሦስቱም ኦክታቭ፣ ማለትም በታችኛው፣ በመሐለኛውና በላይኛው የድምፅ እርከን ትጫወታለች። የዜማውን ሐረግ ድምፅ ዝቅ አድርጋ መጨረስ ትፈልጋለች፤ ፍሉቱ ግን ዝቅ ሲል ይጠፋል። ከፍ አድርጋ ስትነፋ ድምፁ ይሰነጠቃል። ከባንዱ ውጪ የግል አስተማሪ አላት። ማንም ሳይነግራት ሳጥኑን ትከፍታለች። እኔ የመጨረሻውን ምልክት ከሁሉም አብልጬ ነው የማየው። ተለማመጂ እየተባለ የሚጮህባት ልጅ በ3,000 ዶላር ፍሉት አትለወጥም።

አሁን ወደ ፍሉቱ ራስ እንምጣ።

ፍሉት እንደ ክላርኔት የሚርገበገብ ሸምበቆ የለውም። ከከንፈር የወጣው ቀጭን አየር ማዶ ያለው የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ሄዶ ያርፋል። እዚያ አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ ይላል። በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር የሚያናውጠው ይሄ ነው። መመላለሱ በሴኮንድ 440 ጊዜ ከሆነ ኦርኬስትራ የሚቃኝበትን ኤ ሰማችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ያ ጠርዝ ትልቅ ጉዳይ ነው። ቀዳዳው ርዝመቱ 12፣ ወርዱ 10 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከቀዳዳው አፍ እስከ ቱቦው ያለው ጥልቀት 5 ሚሊሜትር ያህል ነው። የጠርዙ ሹልነት፣ የግድግዳው ዘንበል ማለት፣ ከሥሩ ምን ያህል እንደተፋቀ፣ ይሄ ሁሉ የሚለያየው ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ መጠን ነው። ለውጡን ግን ጆሮ ወዲያው ይሰማዋል። ጥሩ ሠሪ ይሄን ቦታ በእጁ ነው የሚጨርሰው፤ ይፍቃል፣ ይነፋል፣ ደግሞ ይፍቃል።

ዛሬ የምንጫወትበትን ፍሉት ያበጀው ቴዎባልድ ቦም የሙኒክ ሰው ነበር። የወርቅ አንጥረኝነት ሙያ ነበረው፤ በቤተ መንግሥቱ ኦርኬስትራም ፍሉት ይጫወት ነበር። በ1832 የቁልፎቹን አሠራር ቀየረ። በ1847 ደግሞ ቱቦውን። ከዚያ በፊት የፍሉት አካል ወደ ታች እየጠበበ ነበር የሚሄደው። ቦም ነገሩን ገለበጠው። አካሉን ከዳር እስከ ዳር እኩል 19 ሚሊሜትር አደረገው። ጥበቱን ወደ ራስ አመጣው፤ የራሱን ጫፍ የሚዘጋው ቡሽ ጋ ሲደርስ 17 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ያ ትንሽ ጥበት ባይኖር ኦክታቮቹ እርስ በርስ አይገጥሙም ነበር። የፍሉት ብልሃት ከጥንቱም ራሱ ውስጥ ነው ያለው።

ሠሪዎቹም ይሄን ያውቃሉ። የያማሃን አሰላለፍ ብቻ ተመልከቱ። 200 የሚባለው ተከታታይ ለጀማሪ ነው፤ ሙሉ በሙሉ በብር የተለበጠ ኒኬል ሲልቨር። 300 ላይ ስንደርስ ራሱ ብቻ ከብር የተሠራ ይሆናል። 400 ላይ አካሉም ብር ይሆናል። የመጀመሪያው እርምጃ ራሱን መለወጥ ነው ማለት ነው። አዙሚ የሚባሉትን ፍሉቶችም ስታዩ ራሳቸው አልተስ በተባለው የጃፓን ሠሪ ቤት የሚሠራ ነው። ሄይንስ በአማዴዎስ ፍሉቶቹ፣ ፓወል በሶናሬ ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። ሁለቱም የቦስተን አካባቢ የቆዩ ቤቶች ናቸው፤ ሄይንስ ከ1888፣ ፓወል ከ1927 ጀምሮ። በነዚህ ፍሉቶች ላይ የውድ ፍሉት ሠሪ እጅ ያረፈው በዋናነት ራሱ ላይ ነው። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ የገንዘብ አጠቃቀም አላውቅም።

ስለ ብረቱ ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ወላጅ በብዛት የሚከፍለው ለዚህ ነው። ኒኬል ሲልቨር የሚባለው ውስጥ ብር የለም። መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ነው። ስተርሊንግ የሚባለው ደግሞ ከመቶ 92.5 እጁ ብር ነው። ከዚያ ወርቅ አለ፣ ፕላቲኒየም አለ። ዣን ፒየር ራምፓልና ጄምስ ጎልዌይ በወርቅ ፍሉት ስለታወቁ ብዙ ሰው ድምፁ ከወርቁ የመጣ ይመስለዋል።

ጉዳዩ በሙከራ ተፈትሿል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ኮልትማን በ1971 ባሳተመው ጥናት የብር፣ የመዳብና የእንጨት ቱቦ በአንድ ልክ ሠርቶ፣ ተመሳሳይ ራስ ገጥሞ አስነፋ። አድማጮቹም ነፊዎቹም መለየት አልቻሉም። በ2001 ደግሞ ቪየና ውስጥ ሙራማትሱ በተባለው የጃፓን ሠሪ ቤት በተሠሩ አንድ ዓይነት ፍሉቶች ሙከራ ተደረገ። ልዩነታቸው ብረቱ ብቻ ነበር፤ በብር ከተለበጠው እስከ ፕላቲኒየም። የነፉት ታላላቅ የከተማዋ ተጫዋቾች ናቸው። ውጤቱ ያው ሆነ።

ይሄን ስነግራቸው የማይቀበሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። እጃቸው ላይ ሲነዝር የተለየ ነገር ይሰማቸዋል። አልከራከራቸውም። ግን ውድ ፍሉት ለምን ጥሩ ይሆናል? ሠሪው ምርጥ ሰዓቱንና ምርጥ ባለሙያውን ውዱ ብረት ላይ ስለሚያውል ነው። ጥሩ የሚያደርገው ሙያው ነው። ስለዚህ "ሙሉ ብር" የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ብቻ ተጨማሪ 1,000 ዶላር አትጨምሩ። ራሱ ጥሩ ሆኖ አካሉ በብር የተለበጠ ቢሆን ልጃችሁ ምንም አይጎድልባትም።

ሌሎቹን ነገሮች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። እግሩ እስከ ታችኛው ቢ የሚወርድ መሆኑ ደስ ይላል፤ በትምህርት ቤት ሙዚቃ ግን ያ ድምፅ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ፍሉቱን ያስረዝመዋል፣ ያከብደዋል። ትንሽ ልጅ ከሆነች ክንዷ ይደክማል። የጂ ቁልፍ ከመስመሩ ወጣ ያለ እንዲሆን እመክራለሁ፤ የግራ እጅ የቀለበት ጣት አይለጠጥም። ስፕሊት ኢ የሚባለው ላይኛው ኢ በቀላሉ እንዲወጣ ይረዳል። በተለመደው አሠራር ለዚያ ኖታ ሁለት ቀዳዳ አብሮ ይከፈታል፤ መከፈት የነበረበት አንዱ ነው። ስፕሊት ኢ ትርፉን ይዘጋዋል። ካለ ጥሩ። ከሌለ ልጆች ያለሱም ይለምዱታል።

ቁልፎቹ መሐል ላይ ቀዳዳ ስላላቸው ፍሉቶች ግን ቆም ብዬ ላውራ። ብዙ ጊዜ "የእጅ አቀማመጥ ያስተካክላል" ተብለው ነው የሚሸጡት። እውነት ነው፣ ጣት በትክክል ካላረፈ ድምፁ ይበላሻል። ለኛ ልጆች ግን ሌላ ጥቅም አላቸው። ዋሽንት ነፊ ቀዳዳውን በግማሽ እየሸፈነና እየለቀቀ ድምፁን ሲያንሸራትት ሰምታችኋል። ትዝታና አንቺሆዬ ያለዚያ መንሸራተት ባዶ ይሆናሉ። ዝግ ቁልፍ ያለው ፍሉት ላይ ይሄን የሚያደርጉት ከንፈርና ትንፋሽ ብቻ ናቸው። ክፍት ቀዳዳ ሲኖር ግን ጣትን ቀስ አድርጎ መሳብ ይቻላል። አንድ ተማሪዬ አምባሰልን ክፍት ቀዳዳ ባለው ፍሉት ሲሞክረው ቀለበት ጣቱን ከቁልፉ ጠርዝ እስከ መሐሉ እየጎተተ ደጋግሞ ሲሰማው ነበር። ቀዳዳው መጀመሪያ ላይ ካስቸገረ የሲሊኮን መክደኛ ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል። በየሳምንቱ አንዱን እያወጡ መልመድ ነው።

ወደ ሙከራው ልሂድ። ጊዜ መስጠት ያለባችሁ እዚህ ነው። ጫማ ለሌላ ሰው ለክቶ እንደማይገዛ ሁሉ ፍሉትም ልጅቷ ሳትነፋው አይገዛም። የከንፈሯ ውፍረት፣ የጥርሷ አቀማመጥ፣ የምትነፋበት አቅጣጫ የሷ ብቻ ነው። ለእኔ የሚዘምር ራስ ለእሷ ዝም ሊል ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ ፍሉት ብቻ የሚሸጡ ሱቆች ሁለት ሦስት ፍሉት በፖስታ ወደ ቤት ይልካሉ። ለሳምንት ያህል ትሞክሩና የማትፈልጉትን ትመልሳላችሁ። የካርድ ቁጥር ይይዛሉ፤ የመላኪያውን ትከፍላላችሁ። የብሔራዊ ፍሉት ማኅበር በየዓመቱ በነሐሴ አካባቢ በተለያየ ከተማ ጉባኤ ያደርጋል፤ ሠሪዎቹ ሁሉ እዚያ ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ። አዳራሹ ግን ጫጫታ ነው፤ ለማየት እንጂ ለመወሰን አይመችም።

በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ አትሞክሩ። ጆሮ ይደክማል። መጀመሪያ በራሷ ፍሉት ትሟሟቅ። ከዚያ ረጅም ድምፆች፤ የታችኛውን ሲ ከዝምታ ቀስ ብላ ታስነሳው። ወዲያው ተነሣ ወይስ አንገራገረ? ቀጥሎ መሐል ላይ ያለውን ሲ ሻርፕ፤ ሻርፕ ማለት ኖታውን በግማሽ ቃና ከፍ ያደረገ ነው። አብዛኛው ቀዳዳ ክፍት ስለሚሆን ደካማና ወደ ላይ የሚሸሽ ድምፅ ነው። እሱ ከጎረቤቶቹ ጋር ከተስማማ ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ ላይኛውን ኢ፣ ኤፍ ሻርፕና ጂ ሻርፕ በቀስታ። ሲነፉ ከጮኹ ወይም ካልወጡ ራሱ ለሷ አይስማማም። ቃና የሚለካውን ቲዩነር አብሩ፤ ግን ልጅቷ እንዳታየው። ስታየው በከንፈሯ እያስተካከለች የፍሉቱን ጥፋት ትሸፍናለች። እናንተ ተመልከቱና ጻፉ።

በመጨረሻ የምትወደውን ዜማ ትጫወት። ወላጅ ጀርባውን ሰጥቶ ከክፍሉ ጥግ ይቁም። ከነፊው ጆሮ አጠገብ ትልቅ የሚመስል ድምፅ አዳራሽ ውስጥ ላይደርስ ይችላል። ሙዚቃ አላውቅም አትበሉ። "ይሄኛው ጠራ አለኝ" ማለት ይበቃል።

ዋጋውን ደብቁ። ይሄ የማጥብቀው ነገር ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ሦስት ፍሉት ስትሞክር እናቷ በፍሉቶቹ ላይ ያለውን ስምና ቁጥር በወረቀት ቴፕ ሸፈኑት። ልጅቷ ነፋች፣ አስቀመጠች፣ ደግማ አነሳች። በሁለተኛው ቀን ሳትጠየቅ አንዱን ብቻ ማንሳት ጀመረች። ቴፑ ሲነሳ ከሦስቱ ርካሹ ሆኖ ተገኘ፤ ራሱ ብር፣ አካሉ የተለበጠ። ሌላ ልጅ ብትሆን ውዱን ልትመርጥ ትችላለች። ቁም ነገሩ የመረጡት አፏና ጆሮዋ መሆናቸው ነው።

ከጥያቄዎቹ የተወሰኑትን እዚህ ላስፍር።

አንድ አባት ያገለገለ ስለ መግዛት ጠየቁ። በደንብ የተያዘ ያገለገለ ፍሉት ብልህ ግዢ ነው፤ አዲስ ስቴፕ አፕ በአብዛኛው ከ1,500 እስከ 4,000 ዶላር ስለሆነ ልዩነቱ ይታያል። ነገር ግን ጠጋኝ ሳያየው አትክፈሉ። ፓዶቹ በሙሉ መለወጥ ካለባቸው ያተረፋችሁት ገንዘብ እዚያ ያልቃል። ከ1970ዎቹ በፊት ለተሠሩ የብር ፍሉቶች ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ አድርጉ። ብዙዎቹ የቀዳዳቸው አደራደር ዝቅ ላለ የድሮ ቃና የወጣ ነው። ቃናው ከፍ ሲል ሠሪዎቹ ቱቦውን ከላይ ብቻ አሳጠሩት። ስለዚህ የግራ እጅ ድምፆች ወደ ላይ፣ የቀኝ እጆቹ ወደ ታች ይሸሻሉ። ይሄን በስሌት ካስተካከሉት አንዱ እንግሊዛዊው አልበርት ኩፐር ነው። አሮጌው ፍሉት ቆንጆ ድምፅ ሊኖረው ይችላል፤ ባንድ ውስጥ ግን ልጅቷ ሁልጊዜ ከጎረቤቷ ጋር አልገጥም እያላት ትቸገራለች።

አንዲት እናት በኢንተርኔት ስለሚሸጡት የ100 ዶላር ባለቀለም ፍሉቶች አነሱ። እባካችሁ ተዉአቸው። ቁልፎቻቸው ለስላሳ ስለሆኑ በትንሽ ጫና ይጎብጣሉ። ብዙ ጠጋኞች መለዋወጫም ስለማያገኙ አይቀበሏቸውም። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው የሚሆንባችሁ። ልጅቷም ችግሩ ከሷ ይመስላታል፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

አዲስ አበባ ለሚማር የእህታቸው ልጅ ፍሉት ሊልኩ ያሰቡ ሰውም ነበሩ። ለሱ የምመክረው ለየት ይላል። የታወቀ ስም ያለው፣ ዝግ ቁልፍ፣ አካሉ በብር የተለበጠ፣ ከመላኩ በፊት በጠጋኝ በደንብ የተስተካከለ ይሁን። እዚያ እንደዚህ በየሰፈሩ ጠጋኝ ስለማይገኝ ጠንካራነት ከሁሉም ይቀድማል። በካርጎ አትላኩት። የሚሄድ ሰው በእጁ ይያዘው። የአዲስ አበባ ከፍታ ቃናውን ይለውጠዋል ወይ ብለውም ጠየቁ። አይለውጠውም። የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በዋናነት በሙቀት ነው። የጥዋት ብርድ ላይ ፍሉት ዝቅ ይላል፤ ሲሞቅ ይወጣል። ፓዶቹን የሚፈታተናቸው ደግሞ የአየሩ እርጥበት መለዋወጥ ነው፤ ደረቁ በጋ አልፎ ክረምቱ ሲገባ ቀድሞ በደንብ ይዘጋ የነበረ ቁልፍ አየር ሊያስወጣ ይችላል። ልጁ ይሄን ካወቀ ጥፋቱን ራሱ ላይ አይፈልግም።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንድ ተማሪ ነው የመጣው፤ አዲሱ ሲገዛ የድሮውን እንሽጠው ወይ አለ። ማርቺንግ ባንድ ውስጥ፣ ማለትም ሜዳ ላይ እየተራመደ በሚጫወት ባንድ ውስጥ ካለህ አትሽጠው። ሜዳ ላይ ዝናብ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ግፊያ አለ። አዲሱን እዚያ አታውጣው። የድሮውን አስጠግነህ ለሜዳ ያዘው፤ አዲሱ ለክፍልና ለመድረክ ይሁን። ማርቺንግ ባንድ ከሌለህ ግን ከታች የሚጀምር ልጅ ፈልግና በተመጣጣኝ ዋጋ ስጠው። ከመስጠትህ በፊት የታችኛውን ሲ በቀስታ ነፍተህ ጣቶችህን እይ።